ቦርሳዬ 19 ኪሎ ሆነ። ለሬዲዮ በጎ ፈቃድ ስትወጡ እናንተ ምን ትይዛላችሁ?

19ኪሎ · ቅዳሜ ማታ 2:10

ሰላም ወገን። አዲስ ነኝ። ሀዋሳ ነው የምኖረው። ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ በሬዲዮ መልእክት ከሚያቀባብሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር ከተቀላቀልኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ባለፈው እሁድ የመጀመሪያ ልምምዴን ወጣሁ። ጎርፍ መጥቷል፣ ኔትወርክ ጠፍቷል ብለን ነው የተነሳነው። አንዱ ቡድን ጥቁር ውሃ፣ አንዱ አሞራ ገደል ሆነ። እኔና አንድ ልጅ ደግሞ ታቦር ተራራ ላይ ሆነን የሁለቱን ወሬ እንድናቀባብል ተመደብን።

ዋዜማውን ሳሽግ አመሸሁ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ሁሉ ከተትኩ። ድንኳን፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትልቅ ጩቤ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ 6 ሊትር ውሃ፣ ታጣፊ ወንበር፣ ታጣፊ አካፋ። (አካፋውን አትጠይቁኝ።) ጠዋት ሰፈራችን ያለው እህል ቤት ሚዛን ላይ ሳወጣው 19 ኪሎ። ባለሱቁ "ጤፍ ነው?" አለኝ።

ታቦር እኮ ትልቅ ተራራ አይደለም። ሰው ፎቶ ሊነሳ በነጠላ ጫማ ይወጣዋል። እኔ ግማሽ ላይ ተቀመጥኩ። ላይ ደርሼ ገና ትንፋሼ ሳይመለስ የመጀመሪያው መልእክት መጣ። እስክሪብቶ ፈለግኩ፣ የለም። ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ልጻፈው አለ፣ ስልኩ 8 ፐርሰንት ነው። ፓወር ባንክ ሁለት አለኝ፣ ገመዱ ግን ቤት ሶኬት ላይ እንደተሰካ ቀርቷል።

በቃ አፈርኩ። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ቦርሳ ውስጥ ምን አለ? ምንስ አውጥታችሁ ጣላችሁ?

የታቦር ልጅ · ቅዳሜ ማታ 2:31

ሃሃሃ "ጤፍ ነው?" ገደለኝ። አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የጀመርነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጄኔሬተር ልወስድ ነበር፣ አባዬ ነው የከለከለኝ።

ስህተትህ ለካምፕ ማሸግህ ነው። እኛ የምንቀመጠው ወይ ትምህርት ቤት፣ ወይ ቀበሌ ግቢ፣ ወይ መኪና ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ አለ። ድንኳኑ ይውጣ። ምድጃው ይውጣ። ጩቤው ደግሞ ወጥቶ ሁለተኛ እንዳይመለስ። ሬዲዮ የያዘ፣ ማንም የማያውቀው፣ ወገቡ ላይ ጩቤ ያለው ወጣት ኬላ ላይ ሲገኝ ምን እንደሚባል አስበው። እኔ የወታደር የሚመስል ሱሪ ለብሼ ሄጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጠየቅ ውያለሁ። ጠያቂዎቹ ልክ ነበሩ፣ የኔ ሞኝነት ነው።

አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ባጅ፣ መታወቂያ፣ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ። እነዚህ አንገት ላይና ደረት ኪስ ውስጥ ነው የሚሆኑት፣ ቦርሳ ስር አይቀበሩም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ "የራሴን ዎኪቶኪ ከሰው ላይ ገዛሁ" ብሎ የሚመጣ አለ። አታድርጉት። ያለ ፈቃድ ሬዲዮ መያዝ አይቻልም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኛ የምንይዘው ፈቃድ ያለው ተቋም ያስረከበንን ነው፣ የምናወራውም በተሰጠው ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ።

ጋሽ ኦቨር · ቅዳሜ ማታ 3:05

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነው። ስሜን ያወጡልኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው፣ ስልክ ላይም ሳወራ "ኦቨር" (ጨረስኩ፣ ተራው ያንተ ነው) ስለምል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ድሮ ገጠር ወጥተን ጣቢያ ልንተክል ሄድን። መኪናው ላይ ያልተጫነ አልነበረም። ሬዲዮው አለ፣ ትልቁ ባትሪ አለ፣ የአንቴና ምሰሶ አለ፣ አንድ ኩንታል ሽንኩርት እንኳ አለ። ሬዲዮውን ስንሰካ ፊውዙ ተቃጠለ። መለዋወጫ የለም። ሁለት ቀን ያን የመሰለ ዕቃ ከፊታችን አስቀምጠን ተያየን። አንዱ ጓዴ "የሲጋራውን ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለህ ክተትበት" አለኝ። እምቢ አልኩ። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም፤ ሌላ ነገር እንዳይቃጠል ብሎ ነው እሱ የተቃጠለው። በኋላ ሳየው የባትሪው ገመድ በሩ ሲዘጋ ተቆንጥጦ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ከመውጣቴ በፊት ዕቃውን ሁሉ ምንጣፍ ላይ በቅደም ተከተል እዘረጋለሁ። ባትሪ፣ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ሬዲዮ፣ የአንቴና ገመድ፣ አንቴና። ከዚያ ከባትሪው ጀምሬ ጣቴን እያስኬድኩ እያንዳንዱን መጋጠሚያ እነካለሁ። ይሄ ከዚያኛው ጋር በእውነት ይገጥማል? ገጥሜ አየዋለሁ። ጣቴ መሄጃ ያጣበት ቦታ ላይ የረሳሁት ነገር አለ። ማይኩንም፣ የጆሮ ማዳመጫውንም፣ ቻርጀሩንም እንደዚያው።

ልጄ፣ አንተ 19 ኪሎ ተሸክመህ የጎደለህ የሁለት መቶ ግራም ዕቃ ነው። አይዞህ።

19ኪሎ · ቅዳሜ ማታ 3:40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ በጣቴ ሄድኩበት። እማዬ "ምን ጠፋህ?" እያለች ቆማ ታየኛለች። ከሬዲዮው ወደ ውጪው አንቴና ስደርስ ጣቴ ቆመ። የሬዲዮው አፍ ኤስኤምኤ የምትባለው ትንሿ መሰኪያ ናት፣ የአንቴናው ገመድ ጫፍ ደግሞ ፒኤል 259 የሚባለው ወፍራሙ። መሃል ላይ የምትገባው አስማሚ የለችኝም። ማለትም እሁድ ዕለት አንቴናውን ተሸክሜው የወጣሁት እንዲያው ለጌጥ ነው። ለማንም አትንገሩ።

ባለባጃጁ · ቅዳሜ ማታ 3:52

ስለ ባትሪ ካነሳችሁ የኔን ስሙ። ባለፈው ልምምድ ከአረብ ሰፈር በኩል ያለው ጣቢያ ባትሪው አለቀ። በሬዲዮ "ባትሪ አምጣልን" አሉኝ። በባጃጅ እየበረርኩ ሄጄ ሰጠኋቸው። የእጅ ባትሪ! መብራት! እኔ ምን ላድርግ፣ ባትሪ ብለው ባትሪ ነው ያመጣሁት። ልጁ የሞተ ሬዲዮ በአንድ እጁ፣ የሚበራ ባትሪ በሌላ እጁ ይዞ አየኝ።

አሁን ቡድናችን ውስጥ የሚበራው "ላምባዲና" ነው የሚባለው፣ የሬዲዮው "ድንጋይ"። አያቴ ይሄን ብትሰማ ደስ ይላታል።

ሲስተር ከአቶቴ · ቅዳሜ ማታ 4:15

ከጋሼ ጣት ቀጥሎ እኔ ስለ ሆድና ስለ እግር ላውራ። ነርስ ነኝ፣ ሦስት ዓመት አብሬያችሁ ወጥቻለሁ። ጣቢያ የሚዘጋው ሬዲዮ ተበላሽቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦፕሬተሩ ተቅማጥ ይዞት፣ ጫማው ልጦት፣ ወይም መነጽሩን ረስቶ ፊደል ማየት አቅቶት የተዘጋ ጣቢያ አይቻለሁ። ለእርዳታ የመጣ ሰው ራሱ ሲታመም ሁለት ሰው ነው የሚጎድለው፣ እሱና እሱን የሚያስታምመው።

ምግብ፦ በሶ። ሌላ ነገር አትፈልጉ። ግማሽ ኪሎ በሶ ከትንሽ ጨውና ስኳር ጋር አቀላቅላችሁ ያዙ፣ ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ጨምሮ መበጥበጥ ነው። እሳት አይፈልግ፣ ምድጃ አይፈልግ። ዳቦ ቆሎም ጥሩ ነው። ቆጮ የለመደ ሰው ቆጮውን ይያዝ፣ ጉዞ ይችላል። ቆሎም ይቻላል፣ ግን እየቆረጠማችሁ ማይክ እንዳትጫኑ። አንድ ልጅ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ እሱ መልእክት ሲያነብ ወፍጮ ቤት የገባን ነው የሚመስለን።

ውሃ፦ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። 6 ሊትር ማለት 6 ኪሎ ጀርባ ላይ። ሁለት ሦስት ሊትር ያዙ፣ የውሃ ማከሚያም ጨምሩ። በጎርፍ ጊዜ ቧንቧውንም አትመኑት፣ የሐይቁንማ ተዉት።

መድኃኒት፦ በየቀኑ የምትወስዱት ካለ የሦስት ቀን፣ በራሱ ማሸጊያ። ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ ፋሻ። ሌላውን ለእኛ ተዉልን።

ሁለት ጥንድ ካልሲ በፌስታል ተቋጥሮ። ጋቢ፣ ምክንያቱም ብርድ ልብስም፣ ትራስም፣ ሲያስፈልግ ቃሬዛም ይሆናል። ሐይቅ ዳር ለምታድሩ አጎበር ግዴታ ነው፣ ወባ በጎ ፈቃደኛ ነህ ብላ አታልፍህም።

ለሴቶቹ ደግሞ፦ ሞዴስ ጊዜው ባይሆንም ያዙ፣ ድንጋጤና ድካም ቀኑን ያዛባዋል። ነጠላ ያዙ። መጸዳጃ የሌለበት ቦታ ስትመደቡ ጓደኛችሁ ነጠላውን ዘርግታ ትቆምላችኋለች። ይሄን ማንም ዩቲዩብ ላይ አይነግራችሁም። ወንዶቹ አስተባባሪዎች ጣቢያ ሲመርጡ ይሄንን ያስቡበት፣ እኛ እስክንጠይቅ አትጠብቁ።

ዝምተኛው · ቅዳሜ ማታ 4:28

ይቅርታ ግን አንድ ጥያቄ። ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ቴሌግራም አለ። ይሄ ሁሉ ለምንድነው? የልጅነት ጨዋታ እንዳይሆን ነው።

አዳሜ · ቅዳሜ ማታ 4:50

አዳማ ነኝ፣ እኔ ልመልስልህ ወንድም። በ2017 ከፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ እኛንም አዲስ አበባንም በተደጋጋሚ ሲያወዛውዘን ታስታውሳለህ። ቤትህ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድነው? እናትህ ጋ መደወል። እኔም እናቴ ጋ። ከተማው ሁሉ እናቱ ጋ። አንድ ማማ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ጥሪ ደግሞ ልክ አለው። ሁሉም አንዴ ሲደውል ማንም አይገባለትም። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪ ነው የሚቆየው፣ እሱም ያልቃል። ሬዲዮ ግን ከሬዲዮ ጋር በቀጥታ ነው የሚያወራው። በመሃል ማንም የለም።

ቴሌብርም እንደዚያው ነው። ኔትወርክ የለም ማለት ገንዘብ የለም ማለት ነው። ትንሽ ኪስ ውስጥ ዝርዝር ብር ያዙ፣ የባጃጅም የሻይም። ሁለት መቶ ብር አውጥተህ "ዝርዝር የለም" ስትባል አደጋውን ትረሳዋለህ።

ከአዳማ የምጨምረው አቧራ ነው። እኛ ጋ ነፋስ ሲነሳ ዓይን አያስገልጥም፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለልን በከንቱ አይደለም። የሬዲዮው መሰኪያ ቀዳዳ ውስጥ አቧራ ይገባና ቻርጅ እምቢ ይላል። የጥርስ ብሩሽ ያዙ። አሮጌውን።

ሲስተር ከአቶቴ · ቅዳሜ ማታ 4:58

@ዝምተኛው ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ አትፈር። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምርበት። ሐምሌ 15፣ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። መጀመሪያ ከተናደው አፈር ሰው ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ነው የቀበራቸው። እኛ ስንጠራ መሮጥ እንፈልጋለን። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ፊሽካ አለ፣ ልጆች የሚነፉት ዓይነት። "ሁላችሁም ወደኋላ" ለማለት ሬዲዮ ያልያዘ ሰው የሚሰማው እሱን ብቻ ነው። ክብደቱ ምንም አይደለም።

ሽቦ ዘርጊ · ቅዳሜ ማታ 5:20

አንቴና ላይ ማንም ሰው አላወራም፣ ያውም ዋናው እሱ ሆኖ።

ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር ጎማ አንቴና ደካማ ነው። ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ፦ የሞገዱን ርዝመት ሩብ የሚያህል ቀጭን ሽቦ ከአንቴናው ስር ካለው ብረት ጋር አስነክተህ ወደ ታች ማንጠልጠል። ርዝመቱን በሜትር ለማግኘት 71.5ን በሜጋኸርዙ አካፍል። 145 ላይ 49 ሳንቲሜትር ያህል፣ 160 ላይ 45 ያህል ይመጣል። ጅራት የተቀጠለበት አይጥ ይመስላል ግን ይሠራል። ከዚያ የተሻለው የሚጠቀለለው የሽቦ አንቴና ነው። ክብደቱ ከካልሲ አይበልጥም፣ ዛፍ ላይ ታንጠለጥለዋለህ።

ዛፍ ላይ ገመድ ለመወርወር ጫፉ ላይ ድንጋይ አትቋጥሩ፣ ተመልሶ አናት ላይ ነው። ግማሽ ድረስ ውሃ የተሞላ ትንሽ ሃይላንድ በሲባጎ እሰሩ። ቅርንጫፉን አልፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከመወርወራችሁ በፊት ግን ቀና በሉ። የመብራት ሽቦ ካለ ሌላ ዛፍ። ምንም ድርድር የለም። ታቦር ላይ ያላችሁ ደግሞ ነጎድጓድ ስትሰሙ ውረዱ፣ መልእክት ይጠብቃል።

ለኤችኤፍ (ሩቅ ለሚደርሰው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ) የምትመደቡ ካላችሁ፣ ከዚህ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዎኪቶኪ አይታሰብም፣ ተራራውም የመሬት ክብነትም ይከለክላል። በኤችኤፍ ግን የአንቴናውን ሽቦ ዝቅ አድርገህ፣ አራት ሜትር ገደማ ላይ ስትዘረጋው ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ እንደ ዝናብ ዙሪያችን ይወርዳል። ከፍ ለማድረግ አትድከሙ። የሽቦውን ርዝመት በሜትር ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ ጠቅላላ 20 ሜትር፣ በየጎኑ 10። ቀን ላይ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ ሲመሽና ቅርብ ያለው ጣቢያ ሲጠፋባችሁ ወደ 3.7 ውረዱ፣ ሽቦውም በዚያው ልክ ይረዝማል። አማተሮቹ በአፍሪካና በአውሮፓ ለአደጋ ጊዜ መገናኛ የሚያውቋቸው 7110 እና 3760 ኪሎኸርዝ ናቸው። ፍላጎቱ ያላችሁ አዲስ አበባ ስትሄዱ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ የኢቲ3ኤኤ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ፣ ጠይቁ።

የታቦር ልጅ · ቅዳሜ ማታ 5:33

ለኤችኤፍ ባትሪው ነው እኮ ጉዱ። መቶ ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ ስታወራ 20 አምፔር ገደማ ይስባል። አሮጌው የእርሳስ ባትሪ ከባድ ነው፣ በዚያ ላይ ከግማሽ በታች ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል። ሊትየም ፎስፌቱ በግማሽ ክብደት ከዚያ የበለጠ ይሰጣል። ዋጋውን ግን አታንሱብኝ።

ሶላርም አለን። ፓኔሉ ጥሩ ነው፣ መሃል ላይ ያለችው መቆጣጠሪያ ሳጥን ግን ኤችኤፉን በጩኸት ታደነቁረዋለች። ስታደምጥ ንቀላት፣ ስትጨርስ ስካት።

ሎግ ያዥ · እሁድ ጠዋት 1:15

ሁላችሁም ስለ ዕቃ አወራችሁ፣ እኔ ደግሞ ስለ እጅ ሰዓት።

የዛሬ ስድስት ወር ልምምድ ላይ ዋናው ጣቢያ ነበርኩ። አንዱ "አምቡላንስ ተጠይቋል፣ 8:40" ብሎ ጻፈ። ሌላው "አምቡላንሱ ደርሷል፣ 13:10"። ወረቀቶቹን የደረደረው ሦስተኛው ልጅ በ24 ሰዓት መስሎት 8:40ን ጠዋት አደረገው። አምቡላንሱ አራት ሰዓት ተኩል ዘገየ ተብሎ ሪፖርት ወጣ። ለካ የመጀመሪያው ልጅ ከሰዓት 8:40 ማለቱ ነው፣ በሐበሻ። በ24 ሰዓት ሲቆጠር 14:40። ማለትም አምቡላንሱ ሳይጠራ በፊት ደርሷል! ስናጣራው መድረሱ የሌላ ጥሪ ሆኖ ተገኘ። የራሱ ጥሪ አምቡላንስ ጨርሶ አልተላከለትም ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። ልምምድ ነው ብለን ሳቅን። እኔ ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ከሱቅ የገዛኋት ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት አለች፣ በ24 የምትቆጥር። ማሰሪያዋን ከደብተሩ ጀርባ ጋር አስሬያታለሁ። የእጄ ሰዓት በሐበሻ ነው፣ እሱ ለኔ ነው። ሎግ ላይ፣ ማለትም መልእክቶቹን ከነሰዓታቸው የምንመዘግብበት ላይ፣ የሚገባው የደብተሩ ሰዓት ብቻ።

ጋሽ ኦቨር · እሁድ ጠዋት 1:40

እደግ። እኛም ዘመን ይሄ ነበር። ሎግ በ24 ነው የሚያዘው፣ በቃ።

ሲስተር ከአቶቴ · እሁድ ጠዋት 2:02

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በግማሽ አልስማማም። ሎጉ ይሁን። መልእክቱ ግን የሰው ነው። ቀበሌ ሊቀመንበሩ "ነገ ሦስት ሰዓት እህል ይምጣልን" ካለ በቃሉ እንዳለ ነው የሚተላለፈው። እኛ "9:00" ብለን ብንቀይርለት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ከሰዓት ዘጠኝ ላይ መኪና ይልካል። ሰው ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት ይሰለፋል።

ጋሽ ኦቨር · እሁድ ጠዋት 2:20

ልክ ነሽ ልጄ። ተሸነፍኩ። የመልእክቱ ራስጌ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በ24፣ ሆዱ ውስጥ ያለው የሰውየው ቃል እንደተባለው፣ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የሚለው ቃል ተጨምሮበት። እኔ አንድ ልጨምር፣ ቁጥር። ሠላሳና ስልሳ በሬዲዮ አንድ ናቸው። በተለይ ድምፁ ሲቆራረጥ። "ሠላሳ ብርድ ልብስ" ተብሎ ስልሳ የተጫነበት፣ ወይም ከዚያ የከፋው፣ ስልሳ ተጠይቆ ሠላሳ የሄደበት ጊዜ አለ። ነጥለህ ጥራ፦ "ሦስት ዜሮ"፣ "ስድስት ዜሮ"። ይህችን በካርቶን ጽፌ ላስቲክ አልብሼ ደብተሬ ውስጥ አኑሬያታለሁ። የጣቢያዎቹን ስምና ፍሪኩዌንሲም ከጀርባዋ። ስልክ ውስጥ ያለ ዝርዝር ስልኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ባለባጃጁ · እሁድ ጠዋት 2:35

የሲዳምኛ ቃላትም ጻፉባት። ከከተማ ትንሽ ስትወጡ እናቶች የሚነግሯችሁ በሲዳምኛ ነው። "ውሃ ገባ" ይሁን "ውሃ ጠማኝ" ሳይለዩ መልእክት ማስተላለፍ ያሳፍራል። እኔ ልጽፍላችሁ እችላለሁ፣ ሻይ ከጋበዛችሁኝ።

ሽቦ ዘርጊ · እሁድ ጠዋት 3:10

ስለ ዝናብ ረሳሁ። ክረምት ላይ ዎኪቶኪውን እንዳለ ስስ ፌስታል ውስጥ ክተቱት፣ አንቴናው ድረስ፣ አፉን በላስቲክ ቋጥሩ። በፌስታሉ ላይ መጫኛውን መጫን ይቻላል፣ ድምፅም ይገባል ይወጣል። ሞገዱ ለፌስታል ደንታ የለውም። ውሃ የነካ ማይክ ግን ቀኑን ሙሉ እየተንኳኳ ጣቢያውን ይዘጋል።

እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ። የራሰ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም።

19ኪሎ · እሁድ ከሰዓት 10:30

(በሐበሻ ነው፣ ሎግ ያዥ አትቆጣ።)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቦርሳውን ገልብጬ እንደገና አሸግኩት። ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ትንሽ የጎን ቦርሳ ነው፣ ከሰውነቴ አይለይም፦ ሬዲዮ፣ ትርፍ ድንጋይ (ባለባጃጁ ሰላም ነው)፣ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላምባዲና፣ ፊሽካ፣ ዝርዝር ብር፣ ደብዳቤው። ሌላው የጀርባ ነው፦ በሶ፣ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ጋቢ፣ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ፣ የሚጠቀለለው አንቴና፣ ሲባጎ፣ ፊውዝ፣ ፕላስተር፣ አስማሚዋ። አስማሚዋን ያገኘኋት መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ነው፣ ከተጣለ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ቆየ። የቻርጀሩን ገመድ ፓወር ባንኩ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ ከእንግዲህ ብቻውን የትም አይሄድም።

እህል ቤቱ ሚዛን ላይ 8 ኪሎ ተኩል። ባለሱቁ "ጤፉን ሸጥከው?" አለኝ።

ድንኳኑ፣ ምድጃው፣ ጩቤው፣ አካፋው ቤት ቀሩ። ወንበሩ ላይ ግን ልቤ አልቆረጠም። አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ልተወው?

የታቦር ልጅ · እሁድ ከሰዓት 10:41

ተወው። ድንጋይ ሞልቷል ታቦር ላይ።

ሲስተር ከአቶቴ · እሁድ ከሰዓት 10:44

12 ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ሞክረው እስቲ። ይያዘው።

ጋሽ ኦቨር · እሁድ ከሰዓት 11:02

ልጄ፣ ወንበሩን ያዝ። ጉልበቴ ከፈቀደ የሚቀጥለው ልምምድ ላይ ታቦር አብሬህ እወጣለሁ፣ የምቀመጥበት እኔ ነኝ። በሶውን እኔ አመጣለሁ። ኦቨር።